እጅሽን አውርጂ

እትዬ ብርቄን ላንጋታ መቃብር ቀብረን በተመለስን ማግስት ከካናዳ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ድሮ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ ከኛ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ የኖረች ሴት ናት። እንደ ወጉ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ልቧ ነው፣ ሥራ ቦታዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር ብዬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ከንፈሯን መጠጠች። “ምስኪን ብርቄ! ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ጠብቃ ሳትሄድ ቀረች” አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። ለቅሶ ላይ ሆኜ ዋጥኩት እንጂ አፌን ብለቀው ያለ ስልክም ካናዳ ድረስ ይሰማ ነበር። ምስኪን? እትዬ ብርቄ? እኔ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ፓስተር አይቻለሁ፣ ዶክተር አይቻለሁ፣ የምሠራው ዌስትላንድስ ስለሆነ ክራቫት ያሰረ ትልቅ ሰው በየቀኑ በፊቴ ያልፋል። እንደ እሷ ያስደነቀኝ ግን የለም። ሰው የገዛ ሐሳቡን አንገቱን ይዞ ከለመደው መንገድ ሲመልሰው ያየሁት በእሷ ብቻ ነው። “ልጇስ እንዴት ሆነች?” አለችኝ ደግሞ ያቺ ሴትዮ። የልጅቷንማ ቆይ፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ኢስትሊ አንድ ፎቅ ላይ፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች በተደረደሩበት ረጅም ኮሪደር ነበር የምንኖረው። ሽንት ቤቱም ልብስ ማጠቢያውም የጋራ ነው። ሁላችንም ሐበሾች፣ ሁላችንም ስደተኞች፣ ሁላችንም ፕሮሰስ ላይ ነበርን። ፕሮሰስ የምንለው ጉዳያችን ታይቶ ወደ ሌላ አገር እስክንወሰድ ያለውን ጥበቃ ነው። አንዳንዱ ቶሎ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ፀጉሩ እስኪሸብት ይቀመጣል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እዚህ አይኖርም፣ የሚኖረው እዛ ነው። አልጋ አይገዛም፣ “ነገ ለምሄደው ምን ያደርግልኛል?” ይልና ፍራሹን መሬት ላይ ያነጥፋል። ስዋሂሊ አይማርም። የወደዳትን አያገባም፣ ፋይሉ ላይ ሰው ከጨመረ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይጀመራላ! ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ አንዱ ስለ ጤናው ካነሳ ዘጠኙ “ፕሮሰሴን አስቡልኝ” ነው የሚለው። እኔም ከዘጠኙ አንዷ ነበርኩ፣ ምን ደብቃለሁ።

የኮሪደሩ ታላቅ ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። ከሁላችንም በፊት የመጡ፣ ጠዋት ጠዋት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ፣ የፕሮሰስ ወሬ ከሳቸው የማያመልጥ ሰው። ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ነበራቸው። ዓይንህን አመመህ? “እዛ በነፃ ነው።” ጉልበትሽ አበጠ? “እዛ በነፃ ነው፣ እዚህ ገንዘብሽን አትበትኚ።” ልጅ ትምህርት ልታስገባ ነው? “እዛ ጥሩው ኮሌጅ አለ፣ ምን አስቸኮለህ?” በክፋት አልነበረም። ሰውየው በሙሉ ልባቸው ያምኑበት ነበር፣ እኛም እናምናቸዋለን።

እትዬ ብርቄ ከኔ ክፍል ፊት ለፊት ከልጇ ከቤቲ ጋር ትኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር የማይጠፋ ሴት ናት። ሀሊማ የምትባል ሱማሌ ሴት መጋረጃ ቤት ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። የሰው ሳሎን የሚያሳምር፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ስትሰፋ ትውልና ማታ የምትገባው መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ወደተለጠፈበት ክፍል ነው። “እትዬ ብርቄ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አጣሽ?” ስላት “ለስንት ቀን ብዬ?” ትለኝ ነበር። ጋዜጣው ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኖ ነበር።

የላይ የፊት ጥርሶቿ የሉም። ከሞያሌ በጭነት መኪና ስትመጣ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ተጋጨች። ቤቲ ያኔ እቅፏ ውስጥ ነበረች። ልጅቷን ላለመልቀቅ እጇን አላነሳችም፣ ጥርሷ ረገፈ። ናይሮቢ ስትገባ ጋሽ ሙሉጌታ ምን እንዳሏት መገመት አያቅታችሁም። “እዛ በነፃ ይተክሉልሻል።”

እሷም ጠበቀች። ስትጠብቅ ቀኝ እጇ አፏ ላይ መውጣት ለመደ። ስትስቅ እጇ ይወጣል፣ ስታወራ እጇ ይወጣል፣ ቸርች ስትዘምር እጇ ይወጣል። ሳቂታ ናት ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ! ትንሽ ነገር ይበቃታል፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ትስቃለች፣ አፏን ግን አይተንላት አናውቅም። ከጊዜ ብዛት ጥርስ የሌላት መሆኗን ረስተን፣ እጇ የፊቷ አካል መስሎን ነበር።

ሁሉን የቀየረው የአንዲት የቸርቻችን ልጅ ሰርግ ነው። ቤቲ ሚዜ ሆነች። ፎርም ፎር፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ፣ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ጊዜ ነው፣ ኮሌጅ “እዛ ስንሄድ” ተብሎ፣ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ትውላለች። ፎቶ አንሺው ኬንያዊ ነበር፣ ሲያነሳን ሲያነሳን ቆየና “ሲስተር፣ ቶአ ምኮኖ!” ብሎ ጮኸ። እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ ማለቱ ነው። ቤቲ እየሳቀች እጇን ከአፏ አወረደች። እንደገና ሊያነሳ ሲል እጇ ተመልሶ ወጥቷል።

ፎቶዎቹ በስልክ ሲላኩ እኔና እትዬ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየናቸው። አንዱን ገፋ አደረገች፣ ቤቲ አፏን ሸፍናለች። ሌላውን ገፋች፣ ሸፍናለች። ሌላውንም። ልጅቷ እኮ ጥርሷ እንደ ወተት የነጣ፣ የተደረደረ፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ነው! እትዬ ብርቄ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ይቺ ልጅ ምኗን ነው የምትሸፍነው?” አለች።

“እኔ እንጃ።”

“ከማን ነው የተማረችው?”

“ከማን ይሆናል፣ ካንቺ ነዋ” አልኳት። አፌ እንደሆነ አይታሰርም።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን አይወጣልኝም። “እጄን ነው ያወረስኳት” አለች። ከዚያ ደግሞ ወደ ክፍሏ በር ዞራ፣ ውስጥ ፍራሹ ላይ የተጋደመችውን ልጇን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እሱን ብቻ ቢሆን በማን ዕድል” አለች። ስለ ጥርስ ብቻ እንዳላወራች ገባኝ። ልጅቷ መጠበቅንም ከእናቷ ነበር የተማረችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍ ሥራ ቤቷ እየወሰደች መስፋት ያዘች። ሲሞላላት ፓርክላንድስ አንዲት ህንድ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደች። ጋሽ ሙሉጌታ ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው “ወይኔ ብርቄ! በነፃ የሚሠራልሽን ነገር! ትንሽ ታግሰሽ ቢሆን!” እያሉ ኮሪደሩን ሲመላለሱበት ዋሉ። እሷ ቀጠሮዋን አላቋረጠችም። ብዙ ጊዜ ተመላለሰችና አንድ ቅዳሜ ጥርሷን አስተክላ መጣች። ኮሪደሩ በሙሉ ወጥቶ ከበባት። “እስቲ አሳዪን! እስቲ ሳቂ!” ተባለ። አንዷ የሆነ ቀልድ ጣል አደረገች፣ እትዬ ብርቄ ሳቀች፣ እጇም ሽቅብ ወጥቶ አፏ ላይ ከች አለ።

ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ኧረ ይሄን ሁሉ ከፍለሽ ልትሸፍኚው ነው?” አልኳት። እሷ ግን እጇን አውርዳ መዳፏን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አገላብጣ አየችው። “ጥርሱ ገብቷል” አለች ቀስ ብላ፣ “እጄ ገና አልሰማም።”

እንግዲህ ያስደነቀችኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሷ ኮሪደሩን ሁሉ ሰብስባ አደራ አለች። “እጄ ሲወጣ ያያችሁ ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ‘እጅሽን አውርጂ’ በሉኝ። የሚያፍርብኝ እንዳይኖር።” ሰዉ መች እንዲህ ያለ ፈቃድ አግኝቶ ያውቃል! ሽንት ቤት ተራ ስትጠብቅ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ “እጅሽን አውርጂ!” ይባላል። እዚህ የተወለዱት ልጆችማ “ምኮኖ! ምኮኖ!” እያሉ ይከተሏታል። ታወርዳለች። ከአፍታ በኋላ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ተሸንፋ “ዛሬ አልቻልኩትም፣ ተዉኝ” ትልና በሯን ዘግታ ትገባለች። በማግሥቱ እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ “ትጊ፣ ነገሩ ገብቶኛል” አለችኝ። “አውርጂ ሲሉኝ አወርዳለሁ፣ ግን ባዶውን ነው የማወርደው። ባዶውን የወረደ እጅ ወደለመደበት ይመለሳል። ሥራ ልሰጠው ነው።” ከዚያ ሳቅ ሲመጣባት አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ጨበጥ ማድረግ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር፣ የሳቀች ሳይሆን ከፈረስ እንዳትወድቅ ልጓም የያዘች ትመስላለች። እያደር ግን እጁ ራሱ መንገዱን ያዘ። አንድ እሑድ ቸርች ውስጥ ከጎኔ ቆማ ስትዘምር ዘወር ብዬ ሳያት ሜትሩን ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ፣ በሙሉ ድምጿ ትዘምራለች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እኔ አላውቅም ነበር። መዝሙሬን አቋርጬ እሷን ብቻ ሰማኋት።

በዚህ አላቆመችም። “ሐሳብም እንደ እጅ ነው” አለችኝ ሌላ ቀን። “‘እዛ ስንሄድ’ የሚለው አይመጣብሽም? እኔ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ነው የሚመጣብኝ። አትምጣ ብለው አይሰማኝም። ስለዚህ በመጣ ቁጥር አንድ የዚህ ሥራ አሠራዋለሁ።”

“የዚህ ሥራ ማለት?”

“እዚህ የሚኖር ሰው የሚሠራው፣ መንገደኛ የማይሠራው።”

የመጀመሪያው ሥራዋ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ታች ደጃፉ ላይ ጎመን የምትሸጥ ኬንያዊት አለች። እትዬ ብርቄ ያን ሁሉ ዓመት ከእሷ ስትገዛ ስሟን ጠይቃት አታውቅም፣ ማናችንም አናውቅም። ያን ቀን ጎመኗን ተቀብላ ከመሄድ ይልቅ ቆመችና በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊዋ “ጂና ላኮ ናኒ?” አለቻት፣ ስምሽ ማነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ አፈጠጠችባት፣ ከዚያ “ዋንጂሩ” አለችና ከት ብላ ሳቀች። እትዬ ብርቄም ሜትሯን ጨብጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ እህትማማች ነበሩ። ስዋሂሊ ያስተማረቻት ዋንጂሩ ናት።

ቀጥሎ ጋዜጣው ከመስኮቱ ወረደ። ከሀሊማ ሱቅ የተረፈ ብርቱካናማ ጨርቅ አምጥታ መጋረጃ ሰፋች። ከዚያ አልጋ መጣ። አልጋው በደረጃ ሲወጣ ጋሽ ሙሉጌታ በሐዘን እያዩት “ተስፋ ቆረጥሽ እንዴ ልጄ?” አሏት። “ኧረ አልቆረጥኩም ጋሽዬ። ቢጠሩኝ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። እስኪጠሩኝ ግን ወገቤን አመመኝ” አለቻቸው።

ዋናው ግን ቤቲ ነበረች። አልጋውም፣ መጋረጃውም፣ ጥርሱም ለእሷ ተብሎ ነው። አንድ ከሰዓት እትዬ ብርቄ ክፍሌ መጥታ “ነይ፣ እማኝ ሁኚኝ፣ ብቻዬን ከሆንኩ እሸነፋለሁ” አለችኝ። ገባን። ቤቲ እንደ ልማዷ ተጋድማለች።

“ነርሲንግ ኮሌጅ ተመዝግበሻል። ሰኞ ትጀምሪያለሽ” አለቻት።

ቤቲ ብድግ አለች። “ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? እዛ ስንሄድ ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የምጀምረው! ዋትስ ዘ ፖይንት?”

“እጅሽን አውርጂ” አለቻት እናቷ።

ቤቲ ሁለት እጆቿን አየች። ሁለቱም ጭኗ ላይ ናቸው። “የቱን እጄን?”

“አንዱን። የማይታየውን። እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ፣ እኔው አስለቅቅሻለሁ።”

ልጅቷ አኩርፋ አልቅሳ ሰኞ ሄደች። እንግዲህ ይቺ ልጅ ትነሳለች ወይስ እንደኛ ተጋድማ ትቀራለች የሚለው ነው የእትዬ ብርቄ የሕይወት ጥያቄ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። ቤቲ እያጉረመረመች ትሄዳለች፣ እናቷ ጠዋት ጠዋት ትቀሰቅሳታለች፣ ካልቀሰቀሰቻት አትነሳም። “መሄዱንማ ትሄዳለች” ትለኝ ነበር እትዬ ብርቄ፣ “ግን የኔ እግር ነው የሚሄደው።”

በዚህ መሐል ተጠሩ! የበረራ ቀን ወጣላቸው፣ ጋሽ ሙሉጌታም አብረው። ኮሪደሩ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ሙሉጌታ በሳምንቱ ዕቃቸውን ሁሉ ሸጡ፣ ማብሰያቸው እንኳ አልቀረም። እኛም ቸርች የመሸኛ ፕሮግራም አዘጋጀን። እትዬ ብርቄ አለቀሰች፣ ዘመረች፣ አመሰገነች። ማግሥቱን ግን መጋረጃ ልትሰፋ ሥራዋ ሄደች።

ቤቲ ደብተሯን ወርውራ “አበቃ!” አለች። ከእናቷ ጋር የተጣሉት ያኔ ነው፣ ድምፃቸው ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማ ነበር። “ፈተና አለሽ፣ ትፈተኛለሽ” ትላታለች እናትየዋ። “ማሚ፣ ልንሄድ እኮ ነው! ማንም እዛ ይሄን ወረቀት አይፈልገውም!” ትላለች ልጅቷ። “አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ እግርሽን እስክታሳርፊ ተማሪ ነሽ!” የቸርች ሴቶች መጥተው ገሠጿት፣ ልጅቷን በመጨረሻ ሰዓት ምን አስጨነቃት፣ ይሄ ክፋት ነው አሏት። እኔም በልቤ አሁንስ አበዛችው ብዬ ነበር። ቤቲ እያለቀሰች ሄዳ ተፈተነች።

ለበረራው ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልክ ተደወለ። ስደተኛ የመውሰዱ ፕሮግራም ቆሟል፣ በረራው ተሰርዟል፣ መቼ እንደሚቀጥል አይታወቅም ተባለ።

ያን ቀን እንዴት ልንገራችሁ። ለቅሶ ቤት ሆንን። ጋሽ ሙሉጌታ ባዶ ክፍላቸው መሐል መሬት ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ቤቲ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እትዬ ብርቄ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ እኔ አጠገቧ። እንባ እንኳ የለም። ከዚያ ቀኝ እጇ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት። ሳቅ የለ፣ ንግግር የለ፣ ዝም ብሎ ወጣና አፏን ከደነ። በቃ፣ አለቀ፣ ተመለሰች አልኩ። ‘እጅሽን አውርጂ’ ልላት ፈልጌ ነበር። በምን አፌ ልበላት?

ራሷ አየችው። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ እጇን አየችው። አወረደችው። “ሥራ ይፈልጋል” አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ተነሳች፣ ካውያውን ሰካች፣ የቤቲን ነጭ ዩኒፎርም ከቅርጫት አወጣችና እንባዋ ጨርቁ ላይ እየተንጠባጠበ ተኮሰችው። ስታለቅስ ያየኋት ካውያውን ከያዘች በኋላ ነው። ስትጨርስ ያልተሸጠ ትርፍ ፍራሽ ነበራትና ተሸክማ ለጋሽ ሙሉጌታ ወሰደችላቸው። ሰውየው ቀና ብለው “ብርቄ፣ እንግዲህ ምን ይሻለናል?” አሏት። “ለጊዜው ወገብዎን አሳርፉ” ብላ አነጠፈችላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቲን ቀሰቀሰቻት። “ወዴት?” አለች ልጅቷ፣ ፊቷን ሳታዞር።

“ክፍልሽ።”

“አልችልም ማሚ።”

“አውቃለሁ። እኔ እሸኝሻለሁ።”

አልሰበከቻትም፣ አልተቆጣቻትም። አልብሳ፣ ይዛት ወርዳ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ፓርክላንድስ ኮሌጁ በር ድረስ አደረሰቻት። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያም እንዲሁ። ሀሊማ ሱቁ ውስጥ “አረፈድሽ! እየተበላሸሽ ነው!” እያለች ትጮህባታለች፣ እትዬ ብርቄ አንገቷን ደፍታ ማሽኗ ላይ ትቀመጣለች። ይሄ ለወራት ቀጠለ። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ግን እንደ ዕቃ ተወስዳ ነው የምትሄደው፣ ዓይኗ ውስጥ ምንም የለም። ያኔ ደግሞ ክፉ ጊዜ ነው። በረራው ከተሰረዘ ወዲህ ከሰፈራችን ልጆች አንዳንዶቹ ደላላ ይዘው በእግር በመኪና ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ጠዋት ቤተሰብ ሳይሰማ ይወጡ ነበር። እትዬ ብርቄ ባነነች፣ ልጄ መቼ ትጠፋብኝ ይሆን እያለች እንቅልፍ አጣች።

ቤቲ ከዚያ በኋላ መመረቋን፣ ነርስ መሆኗን፣ ዛሬ እኛ ስንታመም የምንሮጠው ወደ እሷ መሆኑን ለካናዳዋ ሴትዮ ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት አንድ ጠዋት ነው።

ጎህ ቀዶ ልብሴን ስለብስ በሬ ተደበደበ። ስከፍት እትዬ ብርቄ ናት፣ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ ሳይሸፈን፣ ፊቷ አመድ መስሎ። “ቤቲ የለችም!” አለች። “እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው! ወሰዷት ትጊ፣ ልጄን ወሰዷት!” ክፍላቸው ገባን፣ ስልኳ የለም፣ ቦርሳዋ የለም። ጫማ ሳናደርግ ማለት ይቻላል፣ ነጠላ ጫማችን እየተንሸራተተ ደረጃውን ወረድን። ዋንጂሩ ጎመኗን እየዘረጋች ነበር። እትዬ ብርቄ መጠየቅ አቅቷት እጇን ብቻ ታወናጭፋለች። ዋንጂሩ ገባትና ወደ ማታቱው ማቆሚያ ጠቆመችን።

ሮጥን። ከሰው፣ ከጋሪ፣ ከሞተር ጋር እየተጋጨን ሮጥን። ወደ ፓርክላንድስ የሚሄደው ማታቱ ሞተሩን አስነስቶ ይሞላል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። መስኮቱ አጠገብ ቤቲ ተቀምጣለች። ነጭ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ራሷ ነች የተኮሰችው፣ አንገትጌው ላይ እንደ ጀማሪ አጥፋዋለች። ጭኗ ላይ ደብተር ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሆነ ነገር በቃሏ እያጠናች ነው። አላየችንም።

“ቤ...” ብዬ ልጣራ ስል እትዬ ብርቄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

“ተያት” አለችኝ። “በናትሽ እንዳትጠሪያት። ራሷ ነው የተነሳችው።”

ማታቱው ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሳ። እትዬ ብርቄ በሌሊት ልብሷ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ቆማ፣ ድምጿን ለቅቃ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሰው እየዞረ ያየናል፣ ማን ሞቶባቸው ነው ይላል፣ ደንታም አልሰጣት።

ቤት ገብተን ፊቷን ስትታጠብ ስልኳ ጮኸ። ሀሊማ ናት። የት ነሽ፣ ደንበኞች ቆመው ይጠብቁሻል ብላ ጮኸችባት፣ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። እትዬ ብርቄ በረራ ሲመጣ ከሥራ አልቀረችም፣ በረራው ሲሰረዝ አልቀረችም፣ ያን ቀን ግን አልሄድም አለች። “ሌኦ ሲኩኩ” አለቻት፣ ዛሬ በዓል ነው።

“ሲኩኩ ጋኒ?” አለች ሀሊማ ተናዳ። የምን በዓል? የሙስሊሙ አይደለም፣ የክርስቲያኑ አይደለም፣ የመንግሥትም አይደለም።

“ያንጉ!” አለቻት እትዬ ብርቄ። የራሴ! አለችና ስልኩን ዘጋችው።